ላፕቶፕ በጨዋታ መካከል ስለ ምን ይፈዛል?

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ነገር መስሎ ሊታያችሁ ይችል ይሆናል። ይኸውም ላፕቶፕ የተባለው በእጅ የሚያዝ ኮምፒዩተር በቪዲዮ ጨዋታ ጊዜ ስለ ምን እንደሚፈዝና ምክንያቱም በምን እንደሚታወቅ ነው። ነገር ግን በየቤታችን ባለው ላፕቶፕ ላይ ከሚጫኑት ሥራዎች መካከል የቪዲዮ ጨዋታን ያህል የሚከብድ ጥቂት ነው። ዛሬ በጨዋታ ላይ የታየው ድካም ነገ በቪዲዮ ስብሰባ፥ በስታቲስቲክስ ስሌት ወይም በካርታ ሥራ ላይ መገለጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ልጁ ስለ ጨዋታው የሚያሰማው ቅሬታ ለአባቱ አስቀድሞ የደረሰ ወሬ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህም በቀር አንድ ደኅና ላፕቶፕ የአንድን የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ የሚበላ ዕቃ ስለ ሆነ፥ «ይህ አርጅቷል፤ ሌላ ይገዛ» የሚለው ቃል ከመነገሩ በፊት ጥቂት መመርመር ይገባል።

ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ ጠዳ ላይ ያየሁት ነገር ነው። ጠዳ፥ ለማያውቃት አድማጭ፥ ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ፥ ከአዘዞ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው የአስፋልት መንገድ ላይ ያለች፥ የጤና ሳይንስ ኮሌጅም የሚገኝባት ከተማ ናት። እዚያ የሚኖር የእኅቴ ልጅ አንድ ላፕቶፕ አለው፤ ቀን ትምህርቱን ይሠራበታል፥ ማታ ማታ ደግሞ የእግር ኳስ ጨዋታ ይጫወትበታል። ላፕቶፑ መፍዘዝ ከጀመረ ወዲህ ለሦስት ጠጋኞች አሳይቶታል። የመጀመሪያው «ራም አንሶት ነው» ብሎ ራም ሸጠለት። ሁለተኛው «ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ያለውን ሁሉ ደምስሶ፥ ማለት ፎርማት አድርጎ መለሰለት፤ በዚህም ምክንያት ጽፎ ያጋመሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ከነሠንጠረዡ ጠፋ። ሦስተኛው ደግሞ «ይህ ዕቃ ጊዜው አልፎበታል፤ እኔ ዘንድ የተሻለ አለ» አለው። እናቱም ዕቁቧን አውጥታ ሌላ ልትገዛለት ተስማምታ ሳለች ነው እኔ የደረስሁት።

«ጋሼ፥ ልግዛ ወይስ ልተው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ እኔም መልሼ «መቼ ነው የሚፈዘው?» አልሁት። «ሁልጊዜ ነው» አለኝ። ከሦስቱ ጠጋኞች ግን ይህን የጠየቀው አንድም አልነበረም።

አድማጮቼ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ዋናው ነገር ይህ ነው። ሐኪም የታመመውን ሰው ትኩሳቱ ጧት ይነሣ እንደ ሆነ ማታ፥ በየቀኑ ይመላለስ እንደ ሆነ ቀን ይዘል እንደ ሆነ እንደሚጠይቀው ሁሉ፥ ላፕቶፕም ሲፈዝ «ምን ሆነ?» ከማለት አስቀድሞ «መቼ ፈዘዘ?» ማለት ይገባል። ጨዋታው በደኅና ጀምሮ ከአሥር ወይም ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚፈዝ ቢሆን፥ መጠርጠር የሚገባው ሙቀት ነው። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አንሥቶ የሚፈዝ ቢሆን ግን፥ ወይ የሚያገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል አልበቃውም፥ ወይ ሥራው ለማይችለው ክፍል ተሰጥቷል፥ ወይም ጨዋታው ራሱ ከዕቃው ዐቅም በላይ ነው። በደኅና እየሄደ አልፎ አልፎ ለአንድ አፍታ ቀጥ የሚል ቢሆን ራሙና ዲስኩ ይመርመሩ። ሥዕሉ ሳይንተፋተፍ ተጫዋቾቹ ብቻ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የሚዘሉ ቢሆን፥ ያውም በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋራ ሲጫወቱ ብቻ ከሆነ፥ ጥፋቱ የመስመሩ ነውና ላፕቶፑን መፍታት ከንቱ ድካም ነው።

ወደ ጠዳው ላፕቶፕ ልመለስ። ማታ ከልጁ አጠገብ ተቀምጬ ጨዋታውን ሲከፍት ባይ፥ ፍዘቱ የጀመረው ገና ኳሱ መሐል ሜዳ ላይ ሳለ ነው። ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች ባንድነት የተጫነ ሰው ታስክ ማናጀር የሚባለውን ሰሌዳ ያገኛል፤ በዚያም «ፐርፎርማንስ» በሚለው ገጽ ላይ፥ ፕሮሰሰሩ፥ ማለት አስቢው ክፍል፥ በዚያች ሰዓት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ በጊጋኸርዝ ተጽፎ ይታያል። ሲገዛ ከ3 ጊጋኸርዝ በላይ ይሮጣል የተባለው ፕሮሰሰር አንድ ጊጋኸርዝ እንኳ አይሞላም ነበር። ደግሞም ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሳይል እዚያው ተቸንክሮ ቀርቷል፤ የላፕቶፑም ገላ ሲዳሰስ አልጋለም። በሙቀት የሚፈዝ ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል እንጂ እንዲህ አይሆንም። ስለዚህ ዓይናችንን ወደ ቻርጀሩ መለስን።

ላፕቶፑን ዘግተን ከሆዱ በታች የተለጠፈውን ጽሑፍ ብናነብ 19.5 ቮልትና 6.67 አምፔር ይላል። ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ዋት ስለሚሆን፥ ዕቃው የሚፈልገው 130 ዋት ነው ማለት ነው። በቻርጀሩ ላይ የተጻፈው ግን 19.5 ቮልትና 3.34 አምፔር ነው፤ ይህም 65 ዋት ይሆናል። ልጁም የፊተኛው ቻርጀር ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ እንደ ተቃጠለ፥ ይህንን ጫፉ ስለ ገጠመለት ብቻ ከገበያ እንደ ገዛው ነገረኝ። ጥማዱ ተጓድሎ በአንድ በሬ ሲታረስ የነበረ መሬት ነው እንበል።

ብዙ ሰው ቻርጀር ሲገዛ የሚያየው ጫፉ መግጠሙን ነው፤ ቮልቱን የሚያስተያይ አንዳንድ ሰው አለ፤ አምፔሩን የሚመለከት ግን እምብዛም አይገኝም። ቮልቱ ልክ መሆን አለበት፤ አምፔሩ ግን ቢበልጥ አይጎዳም፥ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ብቻ ይወስዳልና፤ የሚጎዳው ሲያንስ ነው። ኃይል ያነሰው ላፕቶፕ በመጀመሪያ ጉድለቱን ከባትሪው ሊሞላ ይሞክራል፤ ባትሪውም ያረጀ እንደ ሆነ ፕሮሰሰሩን ከማዘግየት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። አንዳንዶቹ ላፕቶፖች ደግሞ በቻርጀሩ ጫፍ መካከል ባለችው ቀጭን መርፌ አማካይነት የቻርጀሩን ዐቅም ይጠይቃሉ፤ መልስ ካላገኙም የዋቱ ልክ ቢሆን እንኳ ባለማመን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። እንዲህ ያለው ዕቃ ሲከፈት ቻርጀሩን ያላወቀው መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ያወጣል፤ እኛ ግን አንብበን ሳንጨርስ ቁልፍ ተጭነን እናልፈዋለን።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። ማታ ማታ በየቤቱ የእንጀራው ምጣድ ሲጣድ፥ አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚወስድ፥ የመብራቱ ኃይል ይደክማል፤ ላፕቶፑም የፈዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው ይባላል። ይህ ግን እውነት አይደለም። በአብዛኞቹ ቻርጀሮች ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበሉ ተጽፏል፤ ስለዚህ የእኛው 220 ቮልት ወደ 180 ቢወርድ እንኳ ላፕቶፑ አያውቀውም። ቻርጀርን የሚገድለው መድከሙ ሳይሆን፥ ጠፍቶ የመጣው መብራት ሲመለስ በድንገት ከፍ የሚለው ኃይል ነው። መብራት ሲጠፋ ነቅሎ፥ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ምንም ወጪ የለውም።

ከአንድ ወዳጁ ባለ 130 ዋት ቻርጀር ተውሶ መጣ። ያን ጊዜ ጨዋታው እንደ ጥንቱ ሆነ፤ ልጁም ተደሰተ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ቆየ ግን ማራገቢያው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኽ ጀመር፤ ከቁልፎቹም በላይ ያለው ብረት ጋለ፤ ሥዕሉም እንደ ገና ተንተፋተፈ። «ያው ነው፥ ጋሼ፤ አልዳነም» አለኝ። እኔ ግን ያው አለመሆኑን ተረዳሁ። ፊተኛው ፍዘት ከመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚጀምር ነበር፤ ይህኛው ግን ሩብ ሰዓት ቆይቶ የመጣ ነው። በአንዱ በሽታ ሥር ሌላ በሽታ ተደብቆ ኖሯል።

ስለ ሙቀት ጥቂት ሰፋ አድርጌ ልናገር። ፕሮሰሰር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ነገር ያስቸገረው የጠዳን ልጅ ብቻ አይደለም። ኢንቴል የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ፥ የፕሮሰሰርን ፍጥነት በየዓመቱ ሲያሳድግ ኖሮ፥ እ.ኤ.አ. በ2004 ቴሃስ የተባለውን አዲስ ፕሮሰሰር ዕቅድ የሰረዘው በዋነኛነት ሙቀቱን መቆጣጠር ስለ ከበደው ነው፤ ከዚያ ወዲህም አንዱን ክፍል እጅግ ፈጣን ማድረጉን ትቶ በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ብዙ አስቢ ክፍሎችን ወደ ማኖር አዘነበለ። ዛሬ በላፕቶፕ ውስጥ ያሉት ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ወሰን አላቸው፤ ወደዚያ ሲቃረቡ ራሳቸውን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። በሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውም ፍጥነት ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚደረስበት ነው እንጂ ሌሊቱን ሁሉ የሚሮጡበት አይደለም።

ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ የሚወጣበት ዘዴ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። ከፕሮሰሰሩ ላይ ተነሥቶ ወደ ዳር የሚሄድ ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ አለ፤ በውስጡም ጥቂት ፈሳሽ፥ ብዙውን ጊዜ ውሃ፥ ታሽጎበታል። ውሃው በጋለው ወገን ይተንና በቀዝቃዛው ወገን ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ አረቄ ሲወጣ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ በቀዘቀዘው ዕቃ ውስጥ እንደሚጠራቀም ማለት ነው። ልዩነቱ የላፕቶፑ ውሃ ወደ መጣበት እየተመለሰ ዘወትር መዞሩ ነው። በቀዝቃዛው ወገን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስስ ብረቶች አሉ፤ ማራገቢያው አየር እየነፋባቸው ሙቀቱን ያስወጣል። አረቄው የሚጠራቀምበት ዕቃ የተቀመጠበት ውሃ ቢሞቅ ሥራው እንደሚበላሽ፥ እነዚህም ብረቶች አየር ካላገኙ ሁሉ ነገር ይቆማል።

አየሩ ራሱ ደግሞ በእኛ አገር ስስ ነው። ጠዳና አካባቢዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ አላቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ውሃም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ግድም ስለ ሆነ ባቄላችን ለመብሰል ይዘገያል። ማራገቢያውም በአንድ ዙር የሚገፋው አየር መጠኑ ያው ቢሆንም ክብደቱ ያንሳል፤ ክብደቱ ያነሰ አየርም የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ለታላላቅ የኮምፒዩተር ማዕከሎች ሕግ የሚያወጡ መሐንዲሶች ይህን ዐውቀው፥ ከ900 ሜትር በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከተፈቀደው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ እንዲቀነስ አድርገዋል። በጠዳ ይህ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከፍታውን ብቻ መክሰስ ተገቢ አይደለም፤ የደጋው ማታ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ የወሰደውን ይመልሳልና።

ዋናው ጥፋት ሌላ ነው። ልጁ ላፕቶፑን የሚያስቀምጠው በአልጋው ላይ፥ በአጎዛ ላይ ነበር። የላፕቶፕ አየር መሳቢያ ብዙውን ጊዜ ከሆዱ በታች ነው፤ የአጎዛው ጠጉርም ቀዳዳዎቹን አጥብቆ ይደፍናቸዋል። በዚህ ላይ በበጋው ከመንገድ የሚነሣው አቧራ አለ፤ የምድጃው ጢስና የቡናው ዕጣን ደግሞ አቧራውን እንደ ሙጫ ያጣብቁታል። በማግሥቱ ከሆዱ ያሉትን ብሎኖች ፈትተን ብንከፍተው፥ በማራገቢያውና በስስ ብረቶቹ መካከል እንደ ተዳመጠ ሱፍ የተነጠፈ ግራጫ ነገር አገኘን። ባንድ ጊዜ ሳይበጠስ በጣቴ ሳብሁት።

ስለ ማጽዳቱ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ላፕቶፑ ይጠፋል፥ ቻርጀሩ ይነቀላል፥ ከተከፈተም በኋላ የባትሪው ገመድ ይላቀቃል። አቧራው በለስላሳ የቀለም ብሩሽና በትንሽ የእጅ መንፊያ ይወጣል፤ በሚነፋበትም ጊዜ ማራገቢያው እንዳይዞር በእንጨት ስንጥር መያዝ አለበት። አንዳንድ ሰው ወደ ጎሚስታ ቤት ወስዶ በጎማ መንፊያው ያስነፋዋል፤ ይህ መጥፎ ልማድ ነው። የዚያ አየር ጉልበት ማራገቢያውን ከልኩ በላይ አሽከርክሮ ይሰብረዋል፤ ከአየሩም ጋራ ውሃና ዘይት አብሮ ይረጫል። ላፕቶፑ ከአራት ከአምስት ዓመት በላይ ያገለገለ ከሆነ፥ በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ተጠርጎ በአዲስ ይተካል፤ የምስር ፍሬ የሚያህል ብቻ ይበቃል። ይህን ግን እጁ ያልለመደ ሰው ለባለሙያ ቢተወው ይሻላል፤ በባለሙያውም አጠገብ ቢቀመጥ አያፍርበት።

በዚያው ማታ ላፕቶፑን በጠረጴዛ ላይ፥ ከኋላው በሁለት ትንንሽ እንጨቶች ከፍ አድርገን አስቀመጥነው። ኤች ደብልዩ ኢንፎ በተባለው በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ሙቀቱን ብናይ፥ በዋዜማው ከ95 ዲግሪ በላይ የነበረው ከ85 አላለፈም። ልጁ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጫወተ፤ እናቱ መጥታ «በቃህ» እስክትለው ድረስ ፍዘት አልታየም።

ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ያሉትን ምክንያቶች በአጭሩ ልንካቸው። ለጨዋታ የተሠራ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሥዕል ሠሪ ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋራ የተዋሐደ ደካማ፥ ሌላው ለብቻው የተቀመጠ ብርቱ ነው። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲባል ጨዋታው ለደካማው የሚሰጥበት ጊዜ አለ። በዊንዶውስ 10ና 11 ውስጥ ሴቲንግስ፥ ሲስተም፥ ዲስፕሌይ፥ ግራፊክስ እያሉ ገብቶ ከጨዋታው ስም አንጻር «ሃይ ፐርፎርማንስ» የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

ብርቱው ክፍል ከነጭራሹ የሌላቸው ላፕቶፖች አሉ፤ በመሥሪያ ቤት የሚሰጡት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። በእነዚህ ላይ ሥዕል ሠሪው የሚጠቀመው በዋናው ራም ስለ ሆነ፥ የራሙ ብዛት ብቻ ሳይሆን አቀማመጡም ፍሬ ነገር ነው። ዲዲአር 4 የተባለው ባለ 3,200 ራም አንድ ብቻውን ሲሰካ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ ሁለት ሲሆኑ መንገዱ ሁለት ይሆንና 51.2 ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ከማኖር ሁለት ባለ 4 ማኖር ለጨዋታ ይበልጣል። ራም ሻጮች ግን ይህን ሲናገሩ አልሰማሁም።

ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ጨዋታው ከዐቅሙ በላይ ከሆነም መድኀኒት አለው። በ1920 በ1080 ልክ የሚሣል አንድ ሥዕል 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ በ1280 በ720 ልክ ግን 921,600 ብቻ ነው። በሰከንድ 60 ሥዕል የሚፈለግ ከሆነ ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ስልሳኛ እጅ አይበልጥም፤ በዚህች ጊዜ ውስጥ ሥራው ከግማሽ በታች ሲሆን ላፕቶፑ ምን ያህል እንደሚቀለው መገመት አያስቸግርም። ጥላዎቹንና የሣሩን ጌጥ ዝቅ ማድረግም ይረዳል፤ ኳሱ አይጠፋም።

ፎርማት ማድረግ አልፎ አልፎ ይጠቅማል፤ ቫይረስ ወይም ከጀርባ የሚሠራ ከንቱ ፕሮግራም ካለ ታስክ ማናጀር ላይ ምንም ሳይከፈት ፕሮሰሰሩ ተጨናንቆ ይታያልና። ነገር ግን ቻርጀር ላነሰውና አቧራ ላነቀው ላፕቶፕ ምንም አይሠራለትም። የማይቀር ቢሆን እንኳ ጽሑፎቹ በሌላ ዲስክ ላይ ተገልብጠው፥ ተከፍተውም ታይተው መሆን አለበት።

የጠዳው ነገር የሆነው እንዲህ ነው። ልጁ ልኩን ቻርጀር ገዛ፤ ዋጋውም ሊገዛ ከታሰበው ላፕቶፕ ጋራ የሚነጻጸር አልነበረም፤ የዕቁቡም ገንዘብ በእናቱ እጅ ቀረ። የመጀመሪያው ጠጋኝ የሸጠለት ራም እዚያው ተሰክቶ ይሠራል። የጠፋው የመመረቂያ ጽሑፍ ግን አልተመለሰም፤ ሠንጠረዦቹን ከመጠይቁ ወረቀት እየቆጠረ እንደ ገና ሲያስገባ ሁለት ሳምንት ፈጀበት።